የጓሳ ሜዳ ሰው በባቄላ የተቆጠረበት እሑድ

ጓሳ ሜዳ ላይ ሰው "ስንት ልጅ አለህ?" ተብሎ አይጠየቅም። ቢጠየቅም እውነተኛ መልስ አያገኝም። ሰባት የወለደ አባት "ተመስገን፣ ሁለት ሦስት አሉ" ይላል። በረቱ በበግ የሞላ ሰው ደግሞ "ለዓይን የምትሆን ጥቂት ነገር አለች" ብሎ ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞረዋል። ቁጥር ከአፍ ከወጣ የሰው ዓይን ይከተለዋል፣ ዓይን የተከተለው ቤት ደግሞ ውሎ አድሮ ይራቆታል። ይህን ከደባርቅ በላይ ያለ ደጋ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት ከወረዳ የመጣው ቴዎፍሎስ "የሕዝብ ብዛትና የኢኮኖሚ ሁኔታ መግለጫ" የሚል ቅጽ ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ሰንብቶ ሲወርድ፣ የቀበሌውን ግማሽ ሰው እዚያው ተራራ ላይ ትቶ ነው የወረደው። ሊያታልለው ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እንደ አባቱ ነው የመለሰለት።

የሺወርቅ ከዚያ ወረቀት ጋር የተጣላችው ግን ከሌላው ሰው ቀድማ ነው። ቴዎፍሎስ ደጇ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ የተሰነጠቀ የማረሻ ድግር በጠፍር ታስር ነበር። እሱ የዳባት ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ጫማው የጸዳ፣ ሰውን ሁሉ "እርስዎ" እያለ የሚያናግር ወጣት። የባለቤቷን ስም ጠየቃት። ሰጠኝ ይባል እንደነበር፣ ከሞተም ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈው ነገረችው። እሱ ሲጽፍ የሰባተኛ ክፍሏ ልጇ ኮከብ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወረቀቱን አየችና ለእናቷ አነበበችላት፤ የሥራ ዓይነት በሚለው ቦታ "የቤት እመቤት" ብሎ ጽፏል።

የሺወርቅ ድግሩን አስቀመጠች። አራሽ ብሎ እንዲጽፋት ነገረችው። እሱ ደግሞ ቤቱ ወንድ ከሌለው መሬቱን የሚያርሰው ሌላ ሰው ስለሚሆን፣ እሷ በአራሽ ረድፍ እንደማትገባ በትሕትና አስረዳት። እንዲህ ያለ ትሕትና ከስድብ ይከፋል።

"እንግዲያው በሬዎቹ ከግጦሽ እስኪመለሱ ጠብቅና እነሱን ጠይቃቸው" አለችው።

ሳቀና ወጣ። የጻፈውን ግን አልሰረዘም።

አይፈረድበትም። በአገሩ ወግ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች እንጂ እርፍ አትጨብጥም። የሺወርቅም በመጀመሪያው ዓመት እንደ ወጉ ሰጥታ ነበር። አራሹ የራሱን ማሳ ሦስት ጊዜ ሲያርስ የእሷን አንድ ጊዜ ጫር ጫር አድርጎ ዘራው፤ ገብሱም የተዘራውን ያህል እንኳ አልመለሰም። በሁለተኛው ዓመት በሬዎቹን ራሷ ጠምዳ ወጣች። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ። ሴት የጨበጠችው እርፍ ዝናብ ያርቃል አሏት። ዝናቡ ከቀረ መጥተው እንዲጠሯት፣ ያን ጊዜ እርፉን እንደምትተው ነገረቻቸው። ዘነበ። እንዲያውም በዚያ ክረምት በዝቶ የመንደሩን ድንች አበሰበሰው፤ ሽማግሌዎቹም ስለ ዝናብ ሁለተኛ አላነሱባት።

ታዲያ በጥር የቀበሌው ስብሰባ ላይ አንድ ደብዳቤ ተነበበ። በመግለጫው መሠረት የጓሳ ሜዳ ሕዝብ አነስተኛ ነው፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆችም ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ያሉት ክፍሎች ተዘግተው ተማሪዎቹ ደባርቅ ወርደው ይማራሉ ይላል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ መንግሥት ካለ ምን ይደረጋል አለ።

የሺወርቅ ግን አንገቷን አልደፋችም። የአራቱን ክፍሎች ድንጋይ ከገደሉ ሥር በአህያ ያመላለሰችው እሷ ናት። ለምን እንዳመላለሰችም ታውቃለች። የበኩር ልጇ ማንያዘዋል በተማረበት ጊዜ ትምህርት ቤቱ አራተኛ ላይ ያልቅ ነበር። አምስተኛን ለመማር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ደባርቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ በየእሑዱ ዱቄትና ቆሎ ተሸክሞ ይወርዳል፣ ዓርብ ማታ ባዶ ስልቻ ይዞ ይመለሳል። አንድ ዓመት ተኩል ቻለው። ከዚያ ስንቁም ነጠፈ፣ ልቡም ተሰበረ፤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ሲባዝን ከርሞ ወደ መተማ ሰሊጥ ሊያርም ሄደ። ከሄደ አራት ክረምት አለፈ። አንድም ቀን አልደወለም፣ አየሁት ያለም የለም። የመንደሩ ሰው ክፍሎቹን የሠራው እንደ እሱ ያሉ ልጆች ሲበዙ ነበር። አሁን ደግሞ ኮከብ በዚያው መንገድ ስልቻ ተሸክማ ልትወርድ ነው።

ተነሥታ ተናገረች። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የናቅነው ግን እኛው ነን። ልጆቻችንን በገዛ አፋችን አሳንሰን ተናገርን፣ ያ ልጅ ደግሞ የነገርነውን ጻፈ። ይመለስና እንደገና ይቁጠረን።"

መቁጠር የሚለው ቃል ሲሰማ ሰዉ ተንጫጫ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። በጥንት ዘመን ሕዝቡን ያስቆጠረ ንጉሥ በአገሩ ላይ መቅሠፍት እንዳመጣ አስታወሱ፤ እሳቸው ልጅ ሳሉም በአንድ ቤት ልጆቹን ስም እየጠሩ ከቆጠሩ በኋላ ኩፍኝ ገብቶ ሦስቱን እንደወሰደ ተናገሩ። ሴቶቹ አማተቡ። የሺወርቅ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው፤ ኩፍኙን እሷም ታስታውሰዋለችና አልሳቀችም።

"አባ፣ ሰው አንቆጥርም" አለቻቸው። "ባቄላ ነው የምንቆጥር። እያንዳንዱ ቤት ላለው አዋቂ ባቄላ፣ ላለው ልጅ አተር ይዞ ይምጣና እንቅብ ውስጥ ይጣል። አፉን የሚከፍት የለም። የሚቀሥፍ ካለ ባቄላውን ይቅሠፈው።"

ቄሱ እህል መስፈር መቼም ኃጢአት ሆኖ እንደማያውቅ ተናግረው ተቀመጡ።

በማግስቱ የሺወርቅ ደባርቅ ወረደች። ቴዎፍሎስን ከቢሮው ደጃፍ ተቀምጣ ጠበቀችው። መግለጫው ተፈርሞ እንዳለቀ፣ ማህተም ከተመታ በኋላ መንካት እንጀራውን እንደሚያሳጣው ነገራት። ሲናገር ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

"እሑድ ና" አለችው። "ካልመጣህ እንቅቡን ተሸክሜ መጥቼ ጠረጴዛህ ላይ እዘረግፈዋለሁ። ያን ጊዜ እዚህ ቢሮ ያለው ሁሉ ይለቅምልሃል።"

መጣ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ቄሱ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ይሁን ብለው ነበር፤ የሺወርቅ ግን የጨው ነጋዴው አብዱሰመድና ዘመዶቹም የጓሳ ሜዳ ሰዎች ናቸው፣ ልጆቻቸውም የሚማሩት እዚሁ ነው ብላ ግቢውን መረጠች። ትልቁን እንቅብ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ለቴዎፍሎስ ከክፍል ወንበርና ጠረጴዛ ወጣለት። ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ነገረችው፤ ቁጥሩን በአፉ እንዳይጠራ፣ ለመቁጠርም ጊዜው እስኪደርስ ወደ እንቅቡ እንዳያይ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል መጀመሪያ ጣሉ። ከዚያ ሰዉ ተሰለፈ። እጁን እንደ ጨበጠ ይመጣል፣ እንቅቡ ውስጥ ዘቅዝቆ ይከፍታል፣ ያልፋል። አብዱሰመድ በተራው ሲጥል ሚስቱ ዚነት አንድ አተር ጨመረች፤ ትናንት ሌሊት የተወለደች የልጅ ልጅ ነበረቻቸው። ሁሉ ነገር ደህና እየሄደ ሳለ ገዱ መጣ። ገዱ ነገር ማብዛት የሚወድ ጎረቤት ነው፤ ኩታውን ገለጥ አድርጎ እንደሚዘራ ሰው አተሩን ዘረገፈው። ትምህርት ቤቱን ላድን ብዬ ነው ይላል።

የሺወርቅ እጁን ያዘችው። "ቤትህን አውቀዋለሁ። የቤትህን ያህል ትተህ ሌላውን ልቀም።"

ገዱ በሰው ፊት ተንበርክኮ፣ የእሱን አተር ከሌላው አተር ለመለየት እያላበው አንድ በአንድ ለቀመ። ለዓመት የሚበቃ ሳቅ ተሳቀበት። ስንቱን እንደለቀመ ግን ማንም አልቆጠረበትም።

የሺወርቅ መጨረሻ ላይ ጣለች፤ አንድ ባቄላ ለራሷ፣ አንድ አተር ለኮከብ። ሴቶቹ ባቄላውንና አተሩን በሰፌድ ለይተው ለቴዎፍሎስ ሰጡት። ሰዉ ሁሉ ጀርባውን አዞረ። እሱ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ቆጠረ፤ ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ስንት እንደሆነ እዚህም አይጻፍም፤ ይህን የሚተርከውም ከዚያው ደጋ ነው የተወለደ። ቴዎፍሎስ ግን ብዕሩን አስቀምጦ ቀና ብሎ ተራራውን አየ።

"ይበቃል" አለ በመጨረሻ። "ይተርፋልም። አዲሱን መግለጫ ራሴ ፈርሜ አስገባዋለሁ።"

ከዚያ ማንም ሳያዘው የየሺወርቅን ገጽ አወጣ፤ "የቤት እመቤት" የሚለውን ሰርዞ "አራሽ" ብሎ ጻፈ። የሺወርቅ ኮከብን አየቻት፤ ኮከብም አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ጊዜ የሺወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንድ ባቄላ አወጣችና ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

ቴዎፍሎስ የማን እንደሆነ ጠየቃት። የማንያዘዋል ነው አለችው። ከስድስት ወር በላይ የራቀ ሰው ከነዋሪ ጋር እንደማይጻፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት።

"አውቃለሁ። ገዱን ያስለቀምሁ እኔ ለራሴ አላጣምምም። እንቅቡ ውስጥ አልጨመርሁትም። የሄዱትን የምትጽፍበት ቦታ የለህም?"

ነበረው። የመጨረሻው ገጽ "ከአካባቢው የለቀቁ" ይላል። በጥቅምት ባዶውን ነበር የተወው፤ እንኳን የሄደውን ያለውንም የነገረው ሰው አልነበረምና። የሄዱበት ምክንያት በሚለው ሥር ሥራ ፍለጋ፣ ጋብቻ፣ ሌላ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች አሉ። "ሥራ ፍለጋ" ላይ ምልክት ሊያደርግ ሲል የሺወርቅ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

"ልጄ ሥራ ፍለጋ አይደለም ከቤቴ የወጣ። ትምህርቱ እዚህ አራተኛ ላይ ስላለቀ ነው የወጣ። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።"

"እትየ የሺ፣ እንደዚያ የሚል ምርጫ የለም እኮ።"

"ጠርዙ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ጻፈው።"

ጻፈው። ፊደሉን አድቅቆ፣ ስሙን ከነምክንያቱ። ቀና ሲል ከየሺወርቅ ኋላ ገዱ ቆሟል። አንዲት ባቄላ ከማንያዘዋል ባቄላ ጎን አስቀመጠ። ልጁ አምሳል አምስተኛን ደባርቅ ጀምራ ያቋረጠች ነበረች፤ አሁን ያለችበትን እሱም አያውቅም። ከገዱ ቀጥሎ አንዲት ሴት መጣች፣ ከእሷ ቀጥሎ አብዱሰመድ፣ ከእሱ ቀጥሎ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ራሳቸው። ባቄላው ወረቀቱን ሞላው፤ ቴዎፍሎስ የሚጽፍበት ቦታ እስኪያጣ፣ ፍሬዎቹን እያነሳ በጉልበቱ ላይ እስኪይዝ ድረስ።

በሚያዝያ አዲሱ መግለጫ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ክፍሎቹ እንደማይዘጉ የሚገልጸው ደብዳቤ ከጎኑ ነበር። ሰዉ ደብዳቤውን አስነብቦ፣ እልል ብሎ ሲበተን የሺወርቅ ቀረች። ማንበብ ስለማትችል ኮከብን ወደ መጨረሻው ገጽ ወሰደቻት። ኮከብ ጣቷን እያስኬደች አነበበችላት፤ ማንያዘዋል ሰጠኝ፣ የሄደበት ምክንያት፣ በቀበሌው ከአራተኛ በላይ ትምህርት ቤት ስላልነበረ።

የሺወርቅ እጇን በኮከብ ትከሻ ላይ እንዳደረገች፣ ልጅ የሄደባቸው ሌሎችም ከመንገድ ሆነው እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድትደግመው ነገረቻት።