የሐቦባ ማመጣጠኛ ድንጋይ

ባለፈው ሐሙስ አጎቴ ሙሳ ቤት ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜ ጠግቦ ነው የሞተው። ለቀስተኛው ከመንጌም ከባምባሲም መጥቶ የአሶሳው ግቢ ሞልቷል። ዱዓው እንዳበቃ አንድ የንግድ ወዳጁ ተነሥቶ፣ «ሼህ ሙሳ እናታቸውን ያከበሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሰው ከሆኑ ወዲህ በእናታቸው ትከሻ ላይ ሸክም አላረፈም» አለ። ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አርባ ዓመት ያለፈው ንዴት ትናንት የተነካሁ ያህል ተነሣብኝ። እግሬን አሞኛል ብዬ ወጥቼ ሄድኩ።

ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝምና ልጽፈው ተነሣሁ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የወሎ ሰው ነበር፤ አማርኛውንም ፊደሉንም ያስያዘኝ እሱ ነው። የተማርኩትን ለዚህ ካላዋልኩት ለምን ሊሆነኝ ነው?

አያቴን ሐቦባ ነበር የምንላት፤ ከሱዳን ነጋዴዎች አፍ የወሰድነው መጠሪያ ነው። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤታችን ከመንጌ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ፣ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ አንድ ክብ ቤት ነበር። ድሆች ነበርን ልበል? ያን ጊዜ አላወቅሁትም። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ምስጦቹ ክንፍ አውጥተው ሲበሩ፣ ሐቦባ ከሕፃናቱ ጋር እየተጋፋች በቅርጫት ትይዛቸውና በሸክላ ላይ ቆልታ ከሰሊጥ ጋር ታበላኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ለጋ ቀርከሃ ትቀቅላለች። ባሚያ ወጥ ስንበላ፣ ዝልግልጉ ከገንፎው ተስቦ አገጬ ላይ ሲቀር፣ «ከንፈርሽ ምራቋን ያዝረከረከች ጥጃ ከንፈር ይመስላል» ብላ እስኪያስላት ትስቃለች። በየቀኑ ይኸው ነው ቀልዱ፤ በየቀኑ ያስቃታል።

ከሁሉ የምትወደው ግን ወንዝ መውረድ ነበር። የእኛ አገር ሴት በጀርባዋ አትሸከምም። ትከሻዋ ላይ ዘንግ ትጥላለች፤ ከፊትና ከኋላ ጫፉ ላይ ሸክሙን በመረብ ታንጠለጥላለች፤ ዘንጉ ከእርምጃዋ ጋር ሲወዛወዝ ክብደቱ ይቀላል። የሐቦባ ዘንግ በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ ታሽቶ እንደ ቆዳ ለስልሶ ነበር። ሁለት ቅል ውሃ ሲያስፈልጋት ሁለቱን ጫፍ ትሞላለች። አንድ ብቻ ሲበቃት ግን በባዶው ጫፍ ድንጋይ ታንጠለጥላለች፤ ያለዚያ ዘንጉ ይገለበጣል። ይህን ማንም የእኛ የበርታ ሕዝብ ሕፃን ያውቀዋል።

ለሐቦባ ግን ድንጋዩን መምረጥ ራሱ ደስታ ነበር። ወንዙ ዳር ቁጢጥ ትልና አንዱን አንስታ ትጥላለች፣ ሌላውን በውሃ ታጥባለች፣ ቀይ መስመር ያለበት ስታገኝ ትጠራኛለች። «ሐዋ፣ ነይ እይው! ይኼ ለቤት የሚሆን ነው።» ቤት ስንደርስ ድንጋዩን አትጥለውም፤ በባሚያዋ መደብ ዙሪያ ትደረድረዋለች። የአርባ ዓመት ድንጋይ ነበር እዚያ። ይሄ እናትሽን ያረገዝኩ ጊዜ፣ ይሄ ወንዙ ድልድዩን የወሰደ ክረምት እያለች ታጫውተኛለች። ግማሹን ሳትዋሸኝ አልቀረችም፤ ግድ የለም፣ ዛሬም ቢሆን አምናታለሁ።

አጎቴ ሙሳ በዚያን ጊዜ አሶሳ ገብቶ ጨውና ጨርቅ ይነግዳል። የመሀል አገር ጦር አገራችንን ከያዘ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከሹማምንቱ ጋር የገጠመ ሰው ይከብራል። አጎቴም ትንሽ አማርኛ ለቃቅሞ ይከተላቸዋል። ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ዝናቡ አብቅቶ ማሽላው እሸት የያዘበት ወቅት ነበር። ከሐቦባ ጋር ከወንዝ ስንመለስ ሦስት ሰዎች በበቅሎ መጡ። ሁለቱ ነጭ የለበሱ ሹማምንት፣ ሦስተኛው አጎቴ። ሐቦባ ልጇን ስታይ ፊቷ በራ። ከፊቷ አንድ ቅል ውሃ፣ ከኋላዋ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተንጠልጥሏል፤ መንገድ ዳር ቆማ ፈገግ አለች።

አንደኛው ሹም ድንጋዩን በአለንጋው እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀ። ሁለተኛው ሳቀ። ማስረዳት ምን ያህል ቀላል ነበር! «ለማመጣጠኛ ነው» ማለት ብቻ ነው። አጎቴ በዚያ ዘንግ የመጣ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ነው። እሱ ግን ከሁለቱ ይበልጥ ጮክ ብሎ ሳቀና፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው እንዲህ አለ፦

«እሱ የመንደር አሮጊት ነው፤ አእምሮ የለውም።»

እኔና ሐቦባ አማርኛ አንድ ቃል አናውቅም ነበር። ቃሉን በድምፁ ብቻ ያዝነው። ሹማምንቱ ሲስቁ ሐቦባም አብራ ሳቀች። 

አጎቴ በማግስቱ ብቻውን መጣ። ሐቦባ ገንፎ አቅርባለት ገና እጁን ሳይታጠብ፣ «ትናንት ምን አልካቸው? ምን ብለው ነው የሳቁት?» አለችው።

መሬት መሬቱን አየ። «ከሳቁ በኋላ ተቆጡኝ፣ እናቴ። ‹እንዲህ ያለች የከበረች እናት እያለችህ እንዴት ሸክም ታሸክማለህ?› አሉኝ። ወላሂ አፈርኩ።»

«እኔን የከበረች አሉ?»

«አዎ። እኔም በአማርኛ አሞገስኩሽ፤ የሰማሽው ቃል እሱ ነው።»

ቃሉን አስደገመችው። አጎቴ ትንሽ ተንተባተበና ደገመላት፤ ሌላ ቃል ቢሰጣት ትናንት ከሰማችው ድምፅ ጋር እንደማይመሳሰል ያውቃል። እሷም እንደ ልጅ ከአፉ ከአፉ ተቀበለች። ከዚያ አሶሳ ግቢው ትግባ አለ፤ ውሃ የሚቀዳላት ሰው አለ፣ አልጋም አለ። መንገድ ዳር እንዲህ ሆና መታየቷ ሊቆም ይገባዋል አለ። እሱን ያስጨነቀው ይኼ ነበር።

«ባሚያዬስ?» አለች።

«ባሚያ አሶሳ ገበያ ሞልቷል።»

 እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅኋት፤ ከቤቷ ወጥታ አድራ የማታውቅ ሴት ናት። ግን፣ «ልጄ በእኔ አፍሮ ከሚኖር ይቅርብኝ» አለችና ተነሣች። አጎቴ ዘንጉን ከግድግዳው አወረደ፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረውና እሳቱ ውስጥ ጨመረው። በዘይት የታሸ እንጨት ነውና ቶሎ ያዘ። እኔ ጮህኩ፤ ክንዱን ነከስኩት። ሐቦባ ናት የመታችኝ። «አጎትሽ ለክብሬ ነው!» አለችኝ።

አሶሳ ከገባን በኋላ ሐቦባ የምትሠራውን አጣች። አልጋ ላይ ተቀምጣ ሌሎች ሴቶች ውሃ ይዘው ሲገቡ ታያለች። «ቅሉን ከፍ አድርጊው፣ ይንጠባጠባል» ስትላቸው የአጎቴ ሚስት፣ «እናቴ፣ እርስዎ አይድከሙ» ትላታለች። በዓመቱ እግሯ አበጠ፤ በሁለተኛው ዓመት ያለ ሰው መነሣት ተሳናት። ያው ባሚያ ይቀርብልናል፤ አገጬ ላይ ሲዝለገለግ ሆን ብዬ ተውኩት፤ አየችኝና ዞር አለች።

አንድ ደስታ ብቻ ቀረላት። ዒድ በመጣ ቁጥር እንግዳ ሲሰበሰብ ያንን ቀን ትተርካለች። ሹማምንቱ እንዴት እንደቆሙላት፣ ልጇን ስለ እሷ እንዴት እንደገሠጹት፣ ልጇም እንዴት እንዳሞገሳት። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ በአማርኛ፣ «እሱ የመንደር አሮጊት ነው፤ አእምሮ የለውም» ትላለች። ከእኛ ሰዎች የሚገባው የለም፤ ሁሉም ማሻ አላህ ይላል።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ አግብቼ ባሌን ላሳያት ይዤው ሄድኩ። አማርኛ ተናጋሪ መሆኑን ስትሰማ ደስታዋ ወሰን አጣ። እጁን ይዛ ያንን ቃል አለችው። ባሌ ክው አለ። እኔንም አየኝ፤ ያን ጊዜ ጥቂት አማርኛ ለምጄ ነበርና ቃሉ እዚያው ተፈታልኝ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ከራሷ አፍ። አጎቴ ከፊታችን ተቀምጧል።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሐቦባ ዓይን ዓይኑን እያየች ባሌን ትጠብቃለች፤ ምን ይል ይሆን ብላ። የወንዙ ዳር ቤት ምስጥ በልቶት ወድቋል፤ እግሯ አይሄድም። እውነቱን ብነግራት የምትመለስበት የላትም። ባሌ ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመና በእኔ አስተርጓሚነት፣ «እውነት ብለዋል እናቴ፤ ትልቅ ምስጋና ነው» አላት። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አጎቴን ቀና ብዬ ሳየው ገበታው ላይ ሥጋ ይመርጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረች። በየዒዱ ቃሏን አለች፤ በየዒዱ እኔና ባሌ ራሳችንን ነቀነቅን። የሞተን ሰው ይቅር በል ይባላል። ሹማምንቱን ፈርቶ መካዱን ምናልባት ይቅር እለው ይሆናል፤ ወጣት ነበር፣ ጊዜውም ክፉ ነበር። ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ ስድቡን ከእናቱ አፍ፣ በደስታ ስትለው፣ እየሰማ የዒድ ሥጋውን በላ። ሐሙስ ዕለት ተነሥቼ ይህን ልናገር እችል ነበር። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ግን መሳቂያ የምትሆነው እሷ ናት፤ እሱም ይህን አውቆ ነው እኔን ሳይፈራ የሞተው።