ከማማ የተማርኩት ቻይንኛ

ካርቶን ሲከፈት የሚወጣ አንድ ሽታ አለ። የአዲስ ፕላስቲክ ጫማ፣ የሙጫና በመርከብ የከረመ እርጥበት ተቀላቅሎ የሚሸተው። ዛሬ ጠዋት ደቡብ አፍሪካ፣ አይቮሪ ፓርክ ባለው ስፓዛ ሱቃችን አጎቴ አንዱን ካርቶን በቢላ ሲቀደው ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ፊት ለፊቴ የቆመችውን ደንበኛ ረስቼ ፈዝዤ ቀረሁ። "ሲሲ፣ እህቴ፣ ዳቦዬስ?" ብላ ነው የመለሰችኝ።

ለእረፍት ከቻይና ከመጣሁ ጥቂት ቀናት ሆኑኝ። ያገኘኝ ሁሉ እንዴት ለመድሽው ይለኛል። አንቺም፣ ጓደኛዬ፣ ጠይቀሽኛል። መልስ ለመስጠት ግን ከዚህ ሽታ መነሳት ይኖርብኛል።

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ዕቃ ልናመጣ ወደ ከተማ እንወርድ ነበር። አሮጌዋ ባኪ ፒክአፕ ጎድጓዳ መንገድ ላይ ስትዘል ከኋላችን ባዶዎቹ ሳጥኖች ይንኳኳሉ። ጀፕስታውን አካባቢ ካሉት የአገራችን ሰዎች ሳሙናና ብስኩት ከገዛን በኋላ የመጨረሻው ማረፊያችን ቻይናውያን በጅምላ የሚሸጡበት ትልቅ አዳራሽ ነው። እዚያ ጫማና ባትሪ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። በዚህ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ ማማ ስለሚባል እሷንም ማማ እንላታለን።

አጎቴ ዋጋ ጽፎ ካልኩሌተሩን ይገፋላታል፣ እሷ አጥፍታ የራሷን ጽፋ ትመልስለታለች። ይህ እስኪያልቅ እኔ ካርቶኖቹ መሃል እቀመጣለሁ። የምሳ ሰዓት ከሆነ ማማ ሩዟን በሳህኑ ክዳን ላይ ከፍላ ታቀርብልኝና "ስያ ፑዎንግ" ትለኛለች። ምግብ ብዪ ማለቷ ነው። አስተካክዬ እስክደግመው ድረስ ማንኪያውን አትሰጠኝም ነበር። ውሃ፣ ጫማ፣ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ውድ፣ ርካሽ ማለትን የተማርኩት እንደዚያ እየበላሁ ነው።

ይህ ለአጎቴ ትልቅ ኩራት ሆነ። እኛ ቤት የምንናገረው ሀዲይኛ ነው፤ ከስልጤና ከጉራጌ ነጋዴዎች ጋር ደግሞ በአማርኛ እንግባባለን። "እኛ አማርኛውንም በስንት መከራ ነው የያዝነው፣ ይቺ ልጅ ግን ቻይንኛ ትችላለች" ይል ነበር። እሁድ በጸሎት ቤት ከአምልኮ በኋላ ያስነሳኝና በቻይንኛ ሰላም በያቸው ይለኛል። እኔም ጮክ ብዬ "ስያ ፑዎንግ" እላለሁ። ምግብ ብሉ መባላቸውን ሳያውቁ ሁሉም አሜን ይላሉ።

የነጻ ትምህርት ዕድሉ ሲመጣ የቻይናን የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ የንግግር ፈተናውን ያላለፈ ወደ መጣበት ይመለሳል። አጎቴ ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬን እየገፋ ለአንቺማ ይሄ ምን ፈተና ነው ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

የሄድኩበት ከተማ በሰሜን ነው፤ የተሰጣ ልብስ በረዶ ሆኖ እንደ ሳንቃ የሚቆምበት። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሯ እየተነሳን ራሳችንን እንድናስተዋውቅ ነገረችን። ሌሎቹ በእንግሊዝኛ ተናገሩ። እኔ ተነስቼ ከማማ የለቀምኳቸውን ቃላት ሁሉ አከታትዬ ተናገርኩ። መምህሯ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ከሰማችኝ በኋላ፣

"በጣም ያምራል። የኢትዮጵያ ቋንቋ ነው?" አለችኝ።

ቻይንኛ ነው አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ ደግ ሴት ናት፤ በእጇ ዝም ካሰኘቻቸው በኋላ ቻይና ውስጥ ብዙ ቋንቋ እንዳለ፣ የኔው ምናልባት ከሩቅ ደቡብ ከባሕሩ ዳር ሊሆን እንደሚችል፣ እሷ ራሷም እንደማትሰማው አስረዳችን። እኛ የምንማረው ሁሉም የሚግባባበትን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚምባብዌ የመጣው የክፍላችን ልጅ ስሜን ትቶ አምባሳደር ይለኝ ጀመር። በር ላይ ይጠብቀኝና "አምባሳደር፣ ዛሬስ የየትኛዋ ቻይና ነሽ?" ይለኛል።

አፌ ተዘጋ። መምህሯ ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ አሁን ዝቅ፣ ስትለኝ የሚመጣብኝ የማማ ድምፅ ነው። ስለዚህ ዝም ማለትን መረጥኩ። መጻፉን ቻልኩ፣ ማንበቡን ቻልኩ፤ ሲጠይቁኝ ግን ወደ ጠረጴዛው አጎነብሳለሁ። የተማሪዎች ምግብ ቤት ስገባ በጣቴ ጠቁሜ እበላለሁ። አጎቴ ሲደውል ድምፁን ለሱቁ ሁሉ ይከፍተዋል፤ በይ ተናገሪ፣ ሰው እየሰማ ነው ይለኛል። ሳልፈራ የምናገረው ቻይንኛ የማማን ብቻ ስለነበር እሱኑ እናገርለታለሁ። ከወዲያ ጭብጨባ ይሰማኛል። ፈተናውን ወድቄ ብመለስ ለእነዚያ ለሚያጨበጭቡት ሰዎች ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የምግብ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ነጭ ሆኗል፣ ከውጭ የበረዶው ብርሃን ይገባል። እስከ አፉ የሞላ የኑድል ሾርባ ይዤ ስዞር አንድ ሰው ገፋኝና ሾርባው እጄ ላይ ፈሰሰ። ሳላስበው "ጹይ፣ ጹይ" አልኩ። በማማ ቋንቋ ውሃ፣ ውሃ ማለት ነው። የሰሜኖቹ ሽዌይ ነው የሚሉት።

ከባንኮኒው ጀርባ ኑድል የምትቀዳው ሴት ጭልፋዋ አየር ላይ ቀረ። ዞራ መጣች፣ እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ስር አስገባችውና በማማ ቋንቋ አናገረችኝ። ሁሉንም አልሰማሁትም። ግን ያ ድምፅ ነው፤ ያ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ የሚወድቅ ድምፅ። እንባዬ መጣ፤ እሷ ቃጠሎው ነው ብላ ውሃውን ጨመረችው።

በስልኳ መተርጎሚያና በእጅ ምልክት ተግባባን። በደቡብ ባሕር ዳርቻ ካለ መንደር በትዳር ነው ወደ ሰሜን የመጣችው። የት ተማርሽው አለችኝ። ናንፌይ አልኳት፤ ደቡብ አፍሪካ በቻይንኛ እንደዚያ ነው የሚባለው። ጭኗን መታች። የመንደራችን ግማሽ እኮ እዚያ ነው ያለው አለችኝ። ለምን እንደማላወራ ስነግራት ደግሞ ይህን መለሰችልኝ፦

"እኔም ስመጣ የነሱን አልችልም ነበር። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ስጠይቅ ይስቃሉ። አብሬያቸው እስቅና እንደገና እጠይቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ሽንኩርቱን እፈልገዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ አዪ አልኳት፣ አክስት ማለት ነው። አንድን ነገር መጀመሪያ በመንደሯ፣ ቀጥዬ በሰሜኖቹ ካልጠራሁ ሳህኔን አትሞላልኝም። ከኋላዬ የተሰለፉት ያጉረመርማሉ፤ እሷ ጭልፋዋን እያወዛወዘች ቆዩ፣ ልጄ እየተማረች ነው ትላቸዋለች። ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር አለፍን። ክፍል ውስጥ ስሳሳትና ሲስቁ አብሬ ስቄ መድገም ጀመርኩ። ዚምባብዌያዊው ልጅ እንኳን ሳይቀር፣ በርበሬ አታብዢብኝ የሚባለው እንዴት ነው ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ክቡር አምባሳደር ብሎ አመሰገነኝ።

በፈተናው ላይ ቻይና ውስጥ የገጠመሽን ተናገሪ ተባልኩ። የሽንኩርቱን ታሪክ ተናገርኩ። መሃል ላይ አንድ ቃል ተሳስቼ ፈታኙ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩና ቃሉን አስተካክዬ ቀጠልኩ። አለፍኩ።

እዚህ ስመጣ ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኩት። ያን ሁሉ ዓመት ጸሎት ቤት የምትናገሪው ታዲያ ምን ነበር አለኝ። የማማ የመንደሯ ቋንቋ ነው አልኩት።

"እንደ ሀዲይኛ በይኛ" አለ። ከዚያም ረጅም ሳቅ ሳቀ። "እኛ ቤት እንደሚወራው፣ እነሱም ቤት ይወራል።" ይህን ለማስረዳት ከቻይና ድረስ ቃላት እየፈለግኩ ነበር የመጣሁት፤ እሱ ግን ወዲያው ገባው።

ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ ሄድን። ማማ ጸጉሯ ሸብቷል፣ እዚያው ጫማዎቿ መሃል ናት። በአውሮፕላን ስለማመደው የመጣሁትን ምስጋና በጥሩ የሰሜን ቻይንኛ ተናገርኩ። በእሷ ሩዝ እንዳደግኩ፣ ያስተማረችኝ ቃል በባዕድ አገር ሰው እንዳገናኘኝ ነገርኳት። ካልኩሌተሯን አስቀመጠች። ጎረቤቷን ጠርታ ስማት፣ እንደ ቴሌቪዥን ነው የምትናገረው አለችው። ፊቷ በርቶ ነበር። ከዚያ ወንበር በእጅጌዋ ጠረገችልኝና፣ ድምፅዋን ቀይራ፣ ቃላቱን እየመረጠች፣ "ኒን" ይቀመጡ አለችኝ።

ኒን እርስዎ ማለት ነው።

ክብር መስጠቷ ነበር፤ ግን ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እኔ ላንቺ "አንቺ" ነኝ ልላት ፈለግኩ። የመንደሯን "አንቺ" ግን አላውቀውም፤ የምግቡንና የዕቃውን ስም እንጂ እሱን አስተምራኝ አታውቅም። አዪንም ጠይቄያት አላውቅም። ካርቶኖቹ መሃል ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩና፣ በእናንተ መንደር "አንቺ" እንዴት ነው የሚባለው አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የድሮ ድምፅዋ መጣ። ቃሏ በኛ "ኑ" እና "ኒ" መካከል የሚወድቅ ነው፣ ከንፈር ሞጥሞጥ ተደርጎ የሚባል። ደገምኩት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ አልሆነም። እንደገና አልኩት። አጎቴ ባኪውን ጭኖ ሲጠራኝ እሷ ገና በጣቷ ከንፈሬን እያሳየችኝ ነበር።