«ከማን አንሼ» ብዬ ያስመጣኋቸው ጎማዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ የአምቦ መንገድ ዛሬ ሲዘጋ ነገ ሲከፈት በነበረበት ሰሞን ነው። ያኔ የምንኖረው ቡራዩ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነን። የዚያን ቀን ፍርሃት ከርሞ ለቀቀኝ፤ እፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ በሌንሴ ነው። ከሌንሴ ቤት ቆሻሻ የሚባል ነገር አይወጣም። የድንችና የሽንኩርት ልጣጩን ጓሮ በቆፈረችው ጉድጓድ እያበሰበሰች አፈር ታደርገዋለች። ፌስታል አጥባ እንደ ልብስ ገመድ ላይ ታሰጣለች። አራት ያረጁ የመኪና ጎማዎች ቢጫ ቀለም ቀብታ፣ አፈር ሞልታ ቆስጣ ተክላባቸው ነበር። ቆስጣው ደግሞ ሲያምር አያድርስ ነው፤ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ ያክላል።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። ያልቻልኩት የባለቤቴን የግርማን አፍ ነው። ቆሻሻ የሚወስደው ባለጋሪ በመጣ ቁጥር የእኛን ሁለት ጆንያ ያይና «ሌንሴ እኮ በወር አንድ ፌስታል ነው የምታወጣው» ይለኛል። ቆስጣ የላከችልን ቀን ደግሞ ጎርሶ ሳይጨርስ «እጇ ይባረክ» ይላል። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። በትዳር ይህን ሁሉ ዓመት ስንኖር ስለ እኔ እጅ አንድ ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አንጀቴ አረረ። ለሌሎቹ ጎረቤቶች «ቆሻሻ ስታገላብጥ ነው የምትውለው» እያልኩ ላማት ሞከርኩ፤ እነሱ ግን ጭራሽ ልጣጫቸውን አጠራቅመው ይወስዱላት ጀመር።

በመጨረሻ ከማን አንሼ አልኩ። እሷ አራት ጎማ ካላት እኔ አስራ አራት ይኖረኛል። መንገድ ዳር ያለውን ጎሚስታ ለመንኩትና የማይረቡትን ጎማዎች በአህያ ጋሪ ላከልኝ። ግቢያችን ጠባብ ነው ብዬ ከበሩ ውጪ አስደረደርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግቢው ያን ያህል አይጠብም፤ ሌንሴ ወደ አስፋልት ስትወጣ እንድታያቸው ፈልጌ ነው። ቀለሙን በማግስቱ ልገዛ አስቤ ነበር።

በማግስቱ ሱቅ አልተከፈተም። መንገዱ ተዘግቷል፤ በአስፋልቱ በኩል ጥቁር ጭስ ይታያል። ረፋድ ላይ ሁለት ወጣቶች በሬን አንኳኩተው በትህትና ሰላም አሉኝና ከጎማዎቹ ጥቂት እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። እነዚህንም ያስተማረቻቸው ሌንሴ ናት ብዬ አንጀቴ ቅጥል አለ።

«ምን ልትተክሉበት ነው?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያይተው ሳቁና ጥለውኝ ሄዱ። ገብቼ ለግርማ «የሌንሴ ነገር ሰፈሩን ሁሉ ገበሬ አደረገው» ስለው ፊቱ አመድ መሰለ። ጎማ ዛሬ ለምን እንደሚፈለግ ጠፍቶሽ ነው ወይ አለኝ። ጭሱ የምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ግርማ እየሮጠ ወጥቶ ጎማዎቹን ወደ ግቢ ማስገባት ጀመረ። ሦስተኛውን እያንከባለለ ሳለ የጸጥታ አስከባሪዎች ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። መንገድ በጎማ በተዘጋበት ቀን፣ አስራ አንድ ጎማ ከተደረደረበት በር ላይ፣ ጎማ የሚያንከባልል ሰው አገኙ። አለቃቸው ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ጠየቀው።

«ቆስጣ ልንተክልበት ነው» አለ ግርማ።

የቀለደባቸው መሰላቸው። እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ መሬት እንዲቀመጥ አዘዙትና በሬዲዮ መኪና ጠሩ። እኔ ስምል ስገዘት፣ ግቢያችን ገብቶ ያየው አንዱ፣ የተቆፈረ መሬት ቀርቶ አንዲት ችግኝ እንኳ እንደሌለ ተናገረ። እኔ ራሴ በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

የሚያድነን የሌንሴ ግቢ ብቻ ነው። ጎረቤቴን ልጥራ ብዬ አለቃውን ለመንኩት፤ ፈቀደልኝ። የእሷ በር ከመታጠፊያው ወዲያ ስለሆነ ከእኛ በር አይታይም። ደርሼ ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። አላንኳኳሁም። ከአንቺ ኮርጄ ነው ማለቱ፣ ግርማን ያዳነችው ሌንሴ ናት መባሉ ታየኝ። ሌላ የምጠራው ሰው ይኖር ይሆን ብዬ የጎረቤቶቹን ስም አንድ በአንድ አሰብኩ። ባሌ መሬት ላይ ተቀምጦ እኔ የሰው በር ላይ ቆሜ አዳኝ አማርጥ ነበር። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የመኪና ድምፅ ስሰማ ነው በሩን የደበደብኩት።

ሌንሴ አፈር የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወጣች። ነገሩን ነግሬ ሳልጨርስላት ቀድማኝ ደረሰች። ከአንደኛው ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጠችና ግርማን አንድ ጊዜ አይታ ወደ አለቃው ዞረች።

«ጎማው የእኔ ነው» አለች። «ቦታ ስለጠበበኝ እዚህ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ግርማ የሚያውቁት ነገር የለም። ካላመናችሁ ኑና ግቢዬን እዩ።»

አለቃው ሄዶ ቢጫዎቹን ጎማዎች፣ ቆስጣውንና ጉድጓዱን አየ። ሲመለስ፣ የሰፈሩን ቅኝት ጨርሶ እስኪመጣ በአስራ አራቱም ጎማ ላይ ተክል ካላገኘ ግርማን ይዞ እንደሚሄድ ነገረን።

ሌንሴ አካፋዋን ይዛ መጣች፤ ጎረቤቶችም ተጠሩ። ስታጠራቅመው የኖረችውን ብስባሽ አፈር ከጉድጓዷ አውጥታ በጆንያ አጋዘች። ችግኝ ሲጠፋ የራሷን ቆስጣ ከነሥሩ እየነቀለች በእኔ ጎማዎች ተከለች። እኔ ውሃ አጠጣለሁ፤ በልቤ ደግሞ እንዴት እንዲህ ቀና ብላ ትሠራለች እያልኩ እቀናለሁ። በዚያ ሰዓት እንኳ ቅናቱ አልለቀቀኝም። አለቃው ተመልሶ አየ፣ አንዱን ቅጠል በጣቱ ነካ አደረገና ሄደ።

ግቢዬ በአንድ ቀን አማረ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም እንጂ። የሌንሴ ጎማዎች ባዶ ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቆስጣ የምንልክላት እኛ ነበርን። ይቅርታ ልጠይቃት ሞክሬ ነበር። «የሚኪ እናት፣ ልጣጭሽን እንዳትጥዪ፣ ጉድጓዴ ባዶ ነው» ብላ ወሬውን ቀየረችው።

ግርማ ይህን ታሪክ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያወራል። ሌንሴን ሲያመሰግን መስማቱን ለምጄዋለሁ፤ ትንሽ ቆጥቁጦኝ ያልፋል። የማልችለው መጨረሻውን ነው። ወደ እኔ ይዞርና «ይቺ ሚስቴ ደግሞ አንዲት ደቂቃ ሳታጠፋ ሮጣ ባትጠራት ኖሮ አልቆልኝ ነበር» ይላል። ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ምስጋና ነው። አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ፤ ሰዎቹ ትህትና ይመስላቸዋል።