የተቃጠለው ቦርድ ግምገማ

በእኛ ጊዜ ተማሪ ብቻውን አይቆምም ነበር። ሁሉም አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፤ ሻል ያለ ነጥብ ያለው መሪ ይሆናል፣ የቀረው በእሱ ሥር ይጠረነፋል። እንደ ሸንኮራ ታስረን ነው የከረምነው። ወላይታ ሶዶ ላይ ምህንድስና ስማር በአራተኛው ዓመት ጠርናፊ የሆንኩት እኔ ነኝ። ሮቦት መሥራቱም የመጣብን በዚያው ጥርነፋ ነው። ዲፓርትመንቱ አዲስ አበባ ለሚካሄድ ኤግዚቢሽን አንድ ነገር እንዲሠራ ሲታዘዝ ቡድን መምረጥ ደከመውና የእኔን እንዳለ ወሰደው። ማን ከማን ጋር መሥራት ይችላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ወለሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተሰመረ መስመር ተከትላ የምትሄድ ትንሽ ባለ ጎማ ሮቦት። እሷ ግን ጥቂት ትሄድና ወደ ቀኝ ታጥፋ ከግድግዳ ጋር ትላተማለች። ኮዱን የሚጽፈው የአዲስ አበባ ልጅ "ሽቦው ነው" ይላል። ሽቦውን የሚያገጣጥመው ከወላይታ ገጠር የመጣ የቦምቤ ልጅ "ኮዱ ነው" ይላል። ኋላ እንደታየው ኮዱ ነበር፤ አሁን ምን ዋጋ አለው። የቀሩት ሁለት አባላት ለሁለቱም "እስማማለሁ" ይላሉ። እኔ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ግምገማ እመራና ቅጽ እሞላለሁ። ቅጹ "የተከሰተ ችግር"፣ "የችግሩ ባለቤት"፣ "የተሰጠ ሂስ" የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ሰው ዝም ብሎ ስለማይስማማ ብቻ ሊጨቃጨቅ ይችላል የሚል ዓምድ አልነበረውም።

የቦምቤውን ልጅ እወደው ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ የአባቴ ቤተሰቦች ከስልጤ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ናቸው፣ ወላይትኛውን የተማርኩት ከባንኮኒው ጀርባ ሳሙናና ጨው ስሸጥ ነው። ከቡድናችን እሱ በቋንቋው የሚያወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነበር። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲናደድ ግን ጥሎት ይሄዳል። ኤግዚቢሽኑ ላይ የምንገኘው ሦስት ነን፤ እሱ፣ ኮዱን የሚጽፈውና እኔ። አዲስ አበባን አይቶ አያውቅም። እኅቱ ለመንገዱ ብላ ከሰልባጅ ኮት ገዝታ ልካለት ነበር፤ እሱን በየቀኑ እያወጣ ያራግፋል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቻዬን ላብራቶሪ ገባሁ። ጭቅጭቃቸው አንገፍግፎኛል፤ ማን እንደተሳሳተ ራሴ ልይና ልገላገል ብዬ ነው። ሽቦዎቹን ነቅዬ መልሼ ስሰካ የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀያየርኩት። ሞተሮቹን የሚያዘው ቦርድ ጢሱን አትጎለጎለው። ያለን ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ሽቦውን እንደነበረ አደረግሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ወጥቼ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ከሰዓት የቦምቤው ልጅ ማብሪያውን ሲጫነው ሮቦቷ ንቅንቅ አላለችም።

"አቃጠልካት!" አለ የአዲስ አበባው ልጅ። "ሽቦህን አስተካክል ብዬ ስንቴ ነገርኩህ!"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ግምገማ እንጥራ" የሚል ነበር።

ግምገማው ላይ ዲፓርትመንቱን ወክሎ አንድ መምህር ተገኘ፤ ለከተማው አዲስ ነው። ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። "ሌላ ቦርድ እናስመጣለን" አለ። "ግን ጥፋተኛው ግለ ሂስ ሳያደርግ ከዚህ ክፍል የሚወጣ የለም። ጥፋተኛው አዲስ አበባም አይሄድም።"

ከዳሞታ ተራራ የመጣው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መድረኩን የምመራው እኔ፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ፣ ያቃጠልኩትም እኔ። በሩ ቢከፈትልኝስ የት እሄዳለሁ? አባቴ ክብሪት ሊገዛ ለመጣ ሁሉ "ልጄ ሮቦት ይዛ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው" እያለ ከተማውን አዳርሶታል። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰዓቱ ሄደ። እስማማለሁ ባዮቹ ሳይቀሩ "የጥንቃቄ ጉድለት ታይቶበታል" ብለው ሂስ ሰጡት። የቦምቤው ልጅ ብድግ አለ። "እኔ አልነካሁም፣ እኔ..." ብሎ ጀመረና አማርኛው ጠፋበት፤ በወላይትኛ ቀጠለ። "ከምሳ ስመለስ ክፍሉ የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር" አለ። "መስኮቱም ተከፍቶ ነበር። ከእኔ በፊት የገባ ሰው አለ።"

"ምንድን ነው የሚለው?" አለኝ መምህሩ። "አንቺ ቋንቋውን ትሰሚያለሽ አይደል?"

"'ሳላውቅ ነው ያቃጠልኩት' ነው የሚለው፣ ቲቸር" አልኩ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል ይሄንን። ልጁ ዞሮ አየኝ። ውሸቷን ነው እንዳይል ፈራሁ፤ እንዲልም ፈለግሁ፣ ቢል ኖሮ እገላገል ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰበና በጠራ አማርኛ "አዎ፣ ባለማወቅ ነው። ግለ ሂስ አደርጋለሁ" አለ። መምህሩ አጨበጨበ፤ እኛም ተከትለን አጨበጨብን። ቅጹ ላይ "አለመግባባቱ በመተማመን ተፈትቷል" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ስንወጣ ዝናቡ አላባራም። በረንዳው ላይ ተከትሎኝ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅሁት።

"አመሰግናለሁ" አለኝ በወላይትኛ። "የመስኮቱን ነገር መዝለልሽ ጥሩ ነው። እኔ ተናድጄ ነበር። ማን ያምነኝ ነበር? ጓደኞቹን ይከሳል ብለው የባሰ ያደርጉኝ ነበር። አዲስ አበባው ቢቀርብኝም አንቺ 'ሳላውቅ' ብለሽ አወጣሽኝ።"

አሁን ንገሪው፣ ማንም የለም፣ አልኩ በልቤ።

"ምንም አይደል ወንድሜ" አልኩት።