መረቧን ሙላላት

ዌስትውድ በሚባለው ሰፈር ባለው ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ሥራዬ ስለ ዓሣ መረብ ነበር። ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ ቅርፊታም የባሕር እንስሳ የሚያጠምድ ጀልባ ከባሕሩ ወለል ላይ መረብ ሲጎትት የሚያወጣው ሽሪምፕ ብቻ አይደለም። ማንም የማይፈልጋቸው ትንንሽ ዓሦችም አብረው ይገቡና ሞተው ተመልሰው ይጣላሉ። እኔ ዓሦቹ ሽቅብ ዋኝተው እንዲያመልጡ፣ ሽሪምፑ ግን እንዲቀር፣ በመረቡ ጀርባ ላይ መስኮት ሠራሁ። ለሙከራ ጀልባ የተፈቀደልኝ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር።

ከሙከራው በፊት ባለው ሐሙስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር አጠገብ፣ ሐበሾች በምንሰበሰብበት ቤት፣ የጸሎት ኅብረት ነበረን። ኅብረቱን የሚመሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲሉ አንገቴን ደፍቼ፣ «ማክሰኞ መረብ ቴስት አደርጋለሁ» አልኩ። ሌላ ለመጨመር አፈርኩ።

«እንግዲህ ዓሣ አጥማጅ ወጣልን!» ብለው ተነሡና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ጌታ ሆይ፣ መረቧን ሙላላት! እስኪቀደድ ሙላላት!»

ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ። እኔም አልኩ። ወዲያው ግራ ገባኝ። የምፈልገው እኮ ተቃራኒውን ነው። አሜን ያሉበትን ጸሎት በልብ መሻር ይቻላል? ላርማቸው አፌን ስከፍት ለአንዲት እናት ግሪን ካርድ ወደ መጸለይ ተሻግረዋል።

ማክሰኞ የእኔንና መስኮት የሌለውን መረብ ጎን ለጎን ጎተትን። መጀመሪያ ሁለቱም እኩል ሞልተው ወጡ። በሁለተኛው ጉተታ የእኔ ውስጥ ትንንሾቹ ዓሦች በግማሽ ያህል ቀነሱ፤ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። በሦስተኛው ግን የእኔው ከዚያኛው በልጦ በትንንሽ ዓሦች ሞላ። መስኮቱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ አልተዘጋም፣ አልተቀደደም። ካፒቴኑን ባየው ትከሻውን ሰበቀ። ተንበርክኬ ዓሣውን ከሽሪምፑ ስለይ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን እንኳ መመለስ አቃተኝ።

ወደብ ስንደርስ ጋሼ ደወሉ።

«እህስ፣ ሞላልሽ?»

«አዎ… ሞላ።»

«ሃሌሉያ! ሶ፣ እሁድ ትመሰክሪያለሽ።»

«ጋሼ፣ ባይሞላ ነበር የሚሻለኝ።»

እየተንተባተብኩ የመስኮቱን ነገር አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አሜን አልሽ?»

«ሁሉም ሲል ጊዜ…»

ከት ብለው ሳቁ። «አሁንስ ምን ብለን እንጸልይልሽ? ይሙላ ወይስ ይጉደል?»

«እኔ እንጃ። ሌላ ቀን ጀልባ ይፈቀድልኝ።»

«ምስክርነቱስ?»

«ምን ብዬ ልመስክር? እኔም አልገባኝም።»

ስልኩን ዘግቼ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ ይህንኑ፣ ውጤቱ እንዳልገባኝ፣ የመመረቂያ ሥራዬን ለሚያማክረኝ መምህር መጻፍ ጀመርኩ።