የተበላው አሸዋና የተረፈው ሲሚንቶ

በዚህ አገር ሲሚንቶ ይጠፋል እንጂ ሲተርፍ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ሶዶ አጠገብ ካለችው የተበላ ከተማ፣ እኔ በኃላፊነት ከምመራው የእናቶች ማዋለጃ ግንባታ «ሲሚንቶ ተርፎናል» የሚል ሪፖርት ሲደርሰኝ ደሜ ፈላ። ፎርማኑ ማርቆስ ምሰሶዎቹን አሳጥሯል ማለት ነው! የሕንፃውን ሸክም ሰፊው የኮንክሪት ንጣፍና ከሥሩ አሸዋው ውስጥ የሚገቡት ምሰሶዎች ይካፈሉታል። ምሰሶዎቹ ካጠሩ ሕንፃው ወደ አንድ ጎን ይሰምጣል። ጥፋቱ የማርቆስ ከሆነ ከሥራ ይሰናበታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ዓርብ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ።

በሆሳዕናና በአረካ በኩል አልፌ ሲመሻሽ ሶዶ ገባሁ።

ቅዳሜ

በሚኒባስ ወደ ተበላ ወረድኩ። ቀዩ አፈር ቀርቶ መሬቱ አሸዋ ሆነ፤ ሙቀቱም በረታ። ማርቆስ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሠራተኞቹ አንድ የምሰሶ ጉድጓድ ቆፍረው ሲጨርሱ በራሴ ሜትር ለካሁት። ፕላኑ እንደሚለው ስድስት ሜትር ሙሉ! ይህ ለእኔ የተዘጋጀ ትርዒት ነው አልኩ በልቤ። ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከደንኩና ድንጋዮች ጫንኩበት፤ አደራደራቸውንም በማስታወሻዬ ሣልኩ።

እሁድ

ሶዶ ተመልሼ አድሬ ነበር፤ ማርቆስ ከቸርች ሲወጣ አገኘኝ።

«ኢንጂነር፣ ቤት እንሂድ፤ ቁርጥ በዳጣ አለ።»

ግብዣው ጉቦ መሰለኝ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ብቻዬን ዳቦ በሻይ በላሁ።

ሰኞ

ድንጋዮቹ እንደደረደርኳቸው ነበሩ። ቆርቆሮውን አንስቼ ስለካ አራት ሜትር ተኩል!

«ማነው የሞላው?» ጮህኩ።

ማርቆስ ጎንበስ ብሎ አየ። ከጉድጓዱ ጎን አሸዋ እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር።

«ራሱ ነው፣ ኢንጂነር» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ ያደግነው ቀይ አፈር ላይ ነው። ሶዶ ጉድጓድ ሳምንት ቢያድር ንቅንቅ አይልም። ቅዳሜ በገመድ ለክተን ሰኞ ሳንለካ ኮንክሪት እንሞላለን።»

«በቆፈራችሁበት ቀን ለምን አትሞሉም?»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ቁፋሮ ቅዳሜ፣ ሙሌት ሰኞ ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ያወጣሁት ፕሮግራም ነው። አፈርኩ።

ንጣፉ ገና አልተሞላም ነበርና፣ ባጠሩት ምሰሶዎች አጠገብ አዲስ እንዲቆፈርና በዚያው ቀን እንዲሞላ ተስማማን።

ማክሰኞ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰውን ለመጠርጠር የፈጠንኩትን ያህል አሸዋውን ጠርጥሬ ቢሆን ኖሮ መንገዱም ባላስፈለገ። የምርመራውን ሪፖርት ቅጽ አውጥቼ መሙላት ጀመርኩ። «የጥፋተኛው ስም» ከሚለው መስመር ስደርስ የራሴን ስም ጻፍኩ።