የእጅጌው ጸሎት

አማቴ ልብስ ሲተኩሱ ዝም ብለው አያውቁም። እጅጌው ላይ ሲደርሱ «ጌታ ሆይ፣ ይህን እጅ ጠብቅ»፣ ኮሌታው ላይ ደግሞ «ይህን አንገት አታስደፋ» ይሉ ነበር። ሆሳዕና ከተማ በሙሽርነት በገባሁ ሰሞን ሳቄ አምልጦኝ፣

«እማማ፣ ካውያው ራሱ አሜን ሊል ነው» አልኳቸው።

«ቢልስ! ባልሽ ፎንቆ ድረስ ሊያስተምር ሲሄድ እኔ አልከተለው፤ ሸሚዙ ግን አብሮት ይውላል።»

በቀብራቸው ጠዋት የሚለብሱትን የእሁድ ቀሚሳቸውን የተኮስኩት እኔ ነኝ። እጅጌው ላይ ስደርስ «ጌታ ሆይ» ብዬ ቆምኩ። እኛ ወንጌላውያን ለሞተ ሰው አንጸልይም። እነዚያን እጆችስ ከእንግዲህ ከምን ይጠብቃቸው? «አመሰግንሃለሁ» ብዬ ጨረስኩት።

ቀጥሎ የባሌ ሸሚዝ ነበር። አሁን የምለምንለት እኔ ነኝ ስል ካውያው እጄ ላይ ከበደኝ።